ነጮን አመድ ያለበስኩበት ሰሞን

ከተሰደድንበት ስንመለስ መርሳ ያለው ቤታችን ቆሞ ነበር። የጓሮው ጎተራ ብቻ ነው የተቃጠለው። ማን እንዳቃጠለው አልጠየቅኩም፤ መጠየቅም ጉልበት ይፈልጋል። ንጋት ላይ ካፊያ ጥሎ ስለነበር አመዱ ርሷል። ገና ደጁን ሳልረግጥ ጠረኑ ያዘኝ። ደረቅ አመድ ብዙም አይሸትም። እርጥቡ ግን የሳሙና ይሁን የዝገት፣ የቆዳ ይሁን የላብ፣ ለይተው የማይጠሩት ጠረን አለው፤ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ጓዜን ሳላወርድ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ ምራቴ።

«አላመመኝም። በሬ ትዝ ብሎኝ ነው።»

«የምን በሬ? በሬ ኖሮን ያውቃል?»

«አንቺ ሳትወለጂ ነው።»

ለባሏ በሹክሹክታ «እናትህን ዛሬ ምንም እንዳትጠይቃት፣ መንገዱ አናውዟታል» ስትለው ሰማኋት። መንገዱስ አናውዞኝ ይሆናል። ግን በሬው በሬ ነበር፤ ስሙም ነጮ ነው።

ይህን የምጽፈው በልጅ ልጄ ደብተር ትራፊ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ደጅ አልደረስኩም፤ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ትልልቆቹ ሲያነቡ ከኋላ ቁጭ ብዬ ነው። ስለዚህ ከወዲያ ወዲህ ብል አትፍረዱብኝ። አሳቤ ራሱ እንደ ፍየል ነው፣ አንድ ቅጠል ላይ አይቆምም።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ወይ አሥር ዓመቴ ይሆናል። የደርግ መጨረሻ ነው። ወልድያን ዛሬ አንዱ ይይዛታል፣ ነገ ሌላው፤ መንገዱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ወር ይዘጋል። እናቴ ወልድያ ሰው ቤት ተቀጥራ ነበር የምትሠራው። ለፋሲካ እኔን አያቴ ዘንድ ሰደደችኝ፣ ወዲያው መንገዱ ተዘጋ፤ እኔም እዚያው ቀረሁ። የአያቴ አገር ሀብሩ ውስጥ፣ ከመርሳ በላይ ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ዳገት ላይ ነው። ከደጃቸው ቁልቁል ሲያዩ የደሴው መንገድ ከውርጌሳ ወደ ወልድያ እንደ ወደቀ መቀነት ተጋድሞ ይታያል። በዚያ መንገድ ላይ የሚሄደውን መኪና መቁጠር ነበር የመጀመሪያ ሥራዬ። እናቴ ከአንዱ ትወርድ ይሆናል እያልኩ። በኋላ መኪናውም ቀረ፣ ቆጠራውም ቀረ።

አያቴን አገሩ ሁሉ አያ ደምሌ ይላቸዋል፤ እኔ አባባ እላቸው ነበር። ድርቁ ከነበሯቸው ከብቶች አንድ በሬ ብቻ ነው የተወላቸው፣ እሱም ነጮ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት አያ ሰይድም እንዲሁ አንድ በሬ ቀርቷቸዋል፣ ጥቁሬ የሚባል። አንድ በሬ ደግሞ አያርስም። ስለዚህ ሁለቱ ሽማግሌዎች በሬዎቻቸውን በአንድ ቀንበር አቀናጅተው፣ አንድ ቀን የአንዱን ማሳ፣ አንድ ቀን የሌላውን ያርሳሉ፤ መቀናጆ ይባላል። ስምንት ዓመት እንዲያ አርሰዋል። ነጮና ጥቁሬ ከመልመዳቸው ብዛት ሲፈቱ እንኳ ጎን ለጎን ሆነው ነው ውሃ የሚወርዱት፤ ነጮ በቀኝ፣ ጥቁሬ በግራ፣ በመካከላቸው የሌለ ቀንበር ያለ ይመስል።

ነጮ ከሻኛው እስከ ጭራው እንደ ተፈለቀቀ ጥጥ ነው። ዓይኑ ዙሪያ ብቻ ጥቁር ስለሆነ የተኳለ ይመስላል። ትንፋሹ አገዳ አገዳ ይላል። ጠዋት እጄ ሲቀዘቅዘኝ አፍንጫው ሥር እይዘው ነበር፤ ዝም ብሎ ይተነፍስልኛል።

በዚያ በልግ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር። «ሚግ መጣ!» ሲባል ይሮጣል። እኔ ሚግ አሞራ መስሎኝ ነበር፤ ትልቅ፣ ክንፉ የማይታጠፍ አሞራ። ነጭ ነገር ሁሉ እንዲሰወር ተነግሮ ነበርና ነጭ ጋቢ ለብሶ እርሻ መውጣት ቀረ፣ ነጠላ አጥር ላይ ማስጣት ቀረ፣ ቄሱ ሳይቀሩ ጥምጥማቸውን በብብታቸው ይዘው ነበር ለቅዳሴ የሚወጡት። እኔ ታዲያ ይህ አሞራ ነጭ ነጩን የሚፈልገው ለምንድን ነው ብዬ ሳስብ ሳስብ፣ ጮማ መስሎት ነው አልኩ። የማውቀው አሞራ የሚወደው ነጭ ነገር እሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ስፈራ የነበረው ለራሴ አልነበረም። እኔ ጠይም ነኝ።

አንድ ቀን ሚጉ ከማዶ ያለውን መንደር በቦምብ መታ። ምድሩ ሲንቀጠቀጥ ዶሮዎቹ አልጋ ሥር ገቡ። ሁለት ሰው ሞተ አሉ። በማግስቱ እቴ ዘነቡ መጣች። ቤቷ ከበሬዎቹ በረት ጋር አንድ አጥር ነው የሚካፈለው። ባሏን ለጦር ወስደውት ወሬው የለም፤ ሦስት ልጆች አሏት፣ የመጨረሻው ጡት ላይ ነው። እሱን አዝላ አባባ ፊት ቆመች።

«አያ ደምሌ፣ በሬዎን ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ምን አደረገ?»

«ነጭ ሆነ።»

«ነጭ የሆነው ዛሬ ነው እንዴ፣ ዘነቡ?»

«አይሮፕላኑ የመጣው ዛሬ ነው!»

እኔ ያን ጊዜ ዘነቡን ጠላኋት። አሁን ሳስባት ልክ ነበረች። ሦስት ልጅ ይዛ ከነጭ በሬ አጠገብ የምታድር ሴት ምን ትበል?

«ጭቃ እናለብሰዋለን» አሉ አባባ። «ጥሩዬ ትቀባዋለች።»

ጥሩዬ እኔ ነኝ። ሥራ እንዲህ አገኘሁ። ጎህ ሲቀድ ከምንጩ ዳር ጥቁር ጭቃ በሰባራ ገንቦ አመጣለሁ፤ ከሻኛው ጀምሬ ቁልቁል እለቀልቀዋለሁ። አባባ የመጀመሪያ ቀን አጠገቤ ቆመው አሳዩኝ። «ዓይኑን ጠብቂ። አፍንጫውን እንዳትደፍኚ። ቁስል ካየሽ አልፈሽው ቀቢ። አፍ የለውምና በእሱ ፈንታ አንቺ ነሽ የምታስቢለት» አሉኝ። ሰማሁ። መስማትና መያዝ ለየቅል ነው።

ነጮ ጭቃውን ወደደው። ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ዝንብም ስለሚያርቅለት፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ይቆምልኛል። አያ ሰይድ ጥቁሬን እየነዱ ሲያልፉ «ጥሩዬ፣ ሙሽራው ተኩሎ አለቀ?» ይሉኛል። «ጆሮው ቀረ» እላለሁ። «እንግዲህ ፍጠኚ፣ ሚዜው ቆሞ እየጠበቀ ነው።» ሚዜው ጥቁሬ ነው።

ችግሩ ጭቃው አለመክረሙ ነው። ፀሐይ ሲነካው ይሰነጠቃል፣ ሲያርስ ይረግፋል። የቀረውን ከዛፍ ጋር ተፋትጎ ያራግፈዋል። ዝናብ ከመጣማ ያልቅለታል፣ እንደውም ከበፊቱ ብሶበት ታጥቦ ያበራል። አንድ ከሰዓት ካፊያ ጥሎ ሲያባራ፣ መስኩ መሀል ብቻውን እንደ ሻማ በርቶ ቆሞ ሳለ፣ ያ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ። አይሮፕላኑ በሌላ በኩል አለፈ። እቴ ዘነቡ ግን ልጆቿን እየጎተተች ስትሮጥ ወድቃ ጉልበቷ ተልጦ ነበር።

በእሑዱ አገሩ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ብዙውን የተናገረው በላይ ነው። ወታደር ሆኖ ሰሜን ዘምቶ፣ አንድ እግሩን እያነከሰ የተመለሰ ሰው ነው፤ ስለ ጦር የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ ሲናገር ሁሉም ዝም ይላል።

«በሬው ይሸጥ» አለ በላይ። «ሐራ ገበያ ይወሰድ።»

አባባ ተነሡ። «ለማን ልሽጠው? ሞት ይጠራል የምትሉኝን በሬ ለሌላ ሰው ልጅ ደጃፍ ላስርለት? የሐራ ልጅ ልጅ አይደለም?»

ሰዉ አጉረመረመ። እውነት ነው አለ አንዱ።

«እንግዲያው ይታረድ» አለ በላይ። «ሥጋውን አገር ይካፈለው።»

አባባ አያ ሰይድን አዩ። አያ ሰይድም አባባን አዩ። ከዚያ ጠብ የመሰለኝ ነገር ተጀመረ። በእኛ አገር ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፣ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፤ ይህን ማንም ያውቃል። ሰርግም ለቅሶም ሁለት ድስት ነው የሚጣደው፤ ማንም አይቀየምበትም።

አያ ሰይድ ቀደሙ። «ይታረድ ከተባለ፣ በሬው የአያ ደምሌ ነው። በስመአብ ብሎ እሱ ይረድ፤ ሥጋው ለክርስቲያኑ ይሁን። እኛ እንተወዋለን።»

«እንዴት ተደርጎ!» አሉ አባባ። «ስምንት ዓመት ያረስክበትን በሬ እኔ ብቻዬን ልበላው? ቢስሚላህ ብለህ አንተ እረድ። ለእስላሙ ይሁን።»

«ወላሂ አላደርገውም!»

«በጊዮርጊስ እኔም አላደርገውም!»

«አንተ ሰው ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የከፋህብኝ?»

«አንተ ነህ የከፋኸው! በጎረቤቴ ላይ ሥጋ ልቆልፍ?»

ድምፃቸው ከፍ አለ። አያ ሰይድ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። ሰዉ «ኧረ በቃ፣ ኧረ ይቅር» እያለ ሊገላግል ተነሣ። በዚህ መሀል ፀሐይ ጠለቀችና ነገሩ ለሳምንት ተላለፈ። በሳምንቱም ያንኑ ተባባሉ። በሦስተኛው ደግሞ የሰኔ ጾም ገብቷል፤ ክርስቲያኑ ሥጋ አይበላም። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሬው እንዳይታረድ ተማክረው ነበር፤ ይህ የገባኝ ካደግኩ ወዲያ ነው። ያን ጊዜ ግን አባባና አያ ሰይድ በነጮ የተነሣ የተጣሉ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ከጭድ ክምሩ ጀርባ አንድ ሱረት ተቀባብለው እየሳቁ ሳያቸው ደግሞ ጭራሽ ግራ ገባኝ። ትልልቅ ሰው እንዴት በሸንጎ ተጣልቶ በጓሮ ይስቃል?

በላይ ግን ጅል አልነበረም። በአራተኛው እሑድ ተነሥቶ «ጾሙ ሲፈታ በሬው በስመአብ ተብሎ ይታረዳል፤ ለእስላሙ ወገን አገር አዋጥቶ ፍየል ይገዛል» አለ። ለሁለቱ ሽማግሌዎች መውጫ አልቀረላቸውም። ለጾሙ ፍቺ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው።

ጭቃ የማይይዘውን ነገር ምን ይይዘዋል? ቀን ከሌት እሱን ነበር የማስበው። ከአባባ ቤት ኋላ አመድ የሚደፋበት ጉድጓድ አለ፤ ዝናብ የገባበት አመድ ጠቁሮ፣ ረግቶ፣ እንደ ቅባት ሆኖ ተኝቷል። በጣቴ ነካሁት። ተጣበቀ። ጭቃ እንዲህ አይጣበቅም። ሁለት ገንቦ ዝቄ፣ ውሃ ጨምሬበት፣ ጥላሸትም ፍቄ ደባልቄበት አንድ ቀን አሳደርኩት። ከዚያ ነጮን ከሻኛው እስከ ሆዱ፣ ከአንገቱ እስከ ታፋው አለበስኩት። ዝናብ እንዳያጥበው ብዬ ደግሞ ጆንያ በላዩ ላይ ጥዬ በገመድ አሰርኩለት። የሠራሁት ሥራ ሲያኮራኝ!

እጄን ቆጥቁጦኝ ነበር። ጣቶቼ መሀል ቀላ፣ እንደ በርበሬ አቃጠለኝ። ሮጬ ምንጩ ዘንድ ታጠብኩና ተወኝ። እሱ መታጠብ አይችልም። ይህን ያን ቀን ብታስቢው ኖሮ እያልኩ ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄያለሁ፤ አላሰብኩትም። የሚገርመው ቆዳ ሲለፋ ፀጉሩ እንዲለቅ አመድ ውስጥ እንደሚዘፈዘፍ በዓይኔ አይቻለሁ። የሞተ ቆዳና የቆመ በሬ ቆዳ አንድ መሆኑ ግን አልመጣልኝም።

በነገታው አባባ አተኩሶ የሚይዛቸው በሽታ ተነሥቶባቸው ተኝተው ነበር፤ እርሻም አልተወጣ። እኔ ሌላ ደራርቤ ቀባሁት። ስጠጋው ሸሸኝ። የሚጫወት መሰለኝ። ሲያቃስትም ሰማሁት፤ በርዶት ነው ብዬ ጆንያውን አጠበቅኩለት። በሦስተኛው ቀን ጭዱን አልነካም። «ብላ እንጂ፣ ላንተ ብዬ አይደል?» አልኩት። በአራተኛው ቀን ጥዋት ጆንያውን ሳነሣ ፀጉሩ ከጆንያው ጋር ተነሣ።

ሥሩ ያለው ቆዳ ጥቁር ነው። ነጭ በሬ ውስጡ ጥቁር መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ሻኛው ላይና ቀንበር የሚያርፍበት ቦታ ላይ ደግሞ ጥቁሩም ተገፎ ቀይ ሥጋ ይታያል። ዝንቡ ወዲያው መጣ። ነጮ ጭራውን ለማወናጨፍ እንኳ አልሞከረም። ሮጥኩ። ወዴት እንደሮጥኩ አላውቅም፤ ስመለስ በረቱ ደጃፍ ላይ ሰው ሞልቷል።

«አትንኩት!» ይላል በላይ። «ማንም እንዳይነካው! እኔ ሰሜን ሳለሁ አይቻለሁ። ከላይ ይጥሉታል፤ ቆዳ ይገፋል።»

«መርዝ ነው?» አለ አንዱ።

«መርዝ እንጂ ምን ሊሆን? በአንድ ቀን በሬ ፀጉሩን ይጥላል?»

ከዚያ ወዲያ ያለው በጣም ፈጠነ። ምንጩ ተመርዟል ተባለ፤ ሴቶቹ የቀዱትን ውሃ ደፉ። እቴ ዘነቡ ሕፃኗን አዝላ ሁለቱን እየነዳች ወደ ገደሉ ሥር ወረደች። ሌሎችም ተከተሏት። ሦስት ቀን በዚያ ካፊያ ውስጥ ገደል ሥር ተቀመጡ። እኔ ማሽላ ማሳ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። እናገራለሁ ብዬ እነሣለሁ፣ መልሼ እቀመጣለሁ። አንዴ አባባ አልጋ አጠገብ ሄጄ «አባባ» አልኩ። «አቤት፣ ጥሩዬ?» አሉ። «ውሃ ላምጣ?» አልኩ። «ውሃ የለም እኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ሸንጎው ወሰነ። ነጮ ይሙት። ሥጋው አይበላም፤ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር። ጥቁሬም ይሙት፤ አንድ በረት አድሯል፣ አንድ ውሃ ጠጥቷል።

ጉድጓዱ ከዋርካው በታች ተቆፈረ። አባባ ትኩሳታቸው ሳይለቃቸው ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ፤ ነጮን ራሳቸው ይዘውታል። አያ ሰይድ ጥቁሬን ይዘዋል። ጥቁሬ ምንም አልሆነም፤ ፀጉሩ ያብለጨልጫል፣ እያመነዠከ ነው የሚመጣው። ነጮ በቀኝ፣ ጥቁሬ በግራ። እንደ ልማዳቸው።

አያ ሰይድ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሙና ግንባራቸውን ጥቁሬ ግንባር ላይ አሳረፉ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ፣ የሚሉትን ሰማሁ።

«አፉ በለኝ፣ ልጄ» አሉት። «አፉ በለኝ።»

አፉ በለኝ ማለት በእኛ አገር ይቅር በለኝ ማለት ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። አያ ሰይድ ሁልጊዜ ቀልደኛ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ጢማቸው ርሶ ነበር። ያላቸው አንድ በሬ ነው። ምንም ያልሠራ በሬ፣ ምንም ያልሠራ ሰው ይቅርታ ሲጠይቀው አየሁ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረባት ኋላቸው ቆማለች።

«አመድ ነው» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። የአያ ሰይድን ሽርጥ ጎተትኩ። «አመድ ነው!»

«ምን አልሽ?»

«አመድ ነው የቀባሁት። ጭቃው አልይዝ ሲለኝ። ከአይሮፕላን አይደለም። እኔ ነኝ።»

አያ ሰይድ አዩኝ። ከዚያ የጥቁሬን ገመድ ለቀው ወደ ነጮ ሄዱ። «አትንኩት!» አለ በላይ። አልሰሙትም። ጎኑ ላይ የተጋገረውን ጠጋ ብለው አሸተቱ፣ ጣታቸውን ምራቅ ነክረው ጫር አደረጉ፣ ምላሳቸው ላይ አሳረፉት፣ እንትፍ አሉ።

«አመድ ነው» አሉ። «ወላሂ አመድ ነው።»

«እኔ ሰሜን ሳለሁ...» ብሎ ጀመረ በላይ።

«የሰሜኑን አንተ ታውቃለህ። ይሄ የአያ ደምሌ ምድጃ ነው።»

ከወዲያ በኩል አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ሳቁ እንደ ሰደድ እሳት አገሩን ያዘው፤ ሰው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። በላይ ራሱ ፊቱን አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ያልሳቁት አባባ ብቻ ናቸው። ነጮን ጥላ ሥር አቁመው ምንጩ ዘንድ ሰው ላኩ፤ ውሃ መጣ። እያፈሰሱ በቀስታ አጠቡት። አያ ሰይድ ቤታቸው ሄደው ቅቤ አመጡ፣ እሬትም ቆርጠው አመጡ። ቁስሉን ሲነኩት ነጮ እንደ ሰው ነው ያቃሰተው።

እቴ ዘነቡ ከገደሉ ሥር ስትወጣ ከሰዓት ሆኗል። ልብሷ ከገላዋ ተጣብቋል፤ ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ ይስላል። መጥታ በጥፊ መታችኝ። «ሦስት ቀን ገደል ሥር! ሕፃን ይዤ! በመርዝ ሞትን ብዬ!» ማንም አልከለከላትም። ልጁን ሳምንት አስሎት ተወው፤ እንደዚያ ባይሆንስ ኖሮ እያልኩ አሁንም እደነግጣለሁ።

አባባ ያን ጊዜ ሄደው ድንጋይ አነሡ። የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ የተበደለው «አፉ ብያለሁ» ብሎ ድንጋዩን በእጁ ያወርድለታል። ያለ እሱ አይወርድም፣ ሕጉ እንዲያ ነው። አባባ ድንጋዩን ጫንቃዬ ላይ አድርገው ወደ እቴ ዘነቡ ላኩኝ። ጎንበስ ብዬ ፊቷ ቆምኩ።

«አፉ በይኝ» አልኩ።

እቴ ዘነቡ የልጁን ማዘያ አጠበቀች። ከዚያ «አፉ ብዬሻለሁ፣ ሂጂ» ብላ ድንጋዩን አወረደችልኝ። ወዲያውም ተቀምጣ አለቀሰች። «በሬሽ እንደሁ ጠቁሮልሻል» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «ከእንግዲህ ማን ምን ይለዋል?»

እውነቷን ነው፤ ነጮ ይታረድ የሚል ሰው ከዚያ ወዲያ አልተገኘም። ፀጉሩ እስኪመለስ የክረምቱ ደመና ደረሰ፣ አይሮፕላኑም በእኛ በኩል መምጣቱን ተወ። ቀንበር ግን ያን ክረምት አልተጫነበትም። ጥቁሬም ብቻውን አያርስምና ሁለቱ ሽማግሌዎች የጤፉን ማሳ በዶማ ቆፈሩት። አያ ሰይድ ቀና ብለው ወገባቸውን ይይዙና «ጥሩዬ፣ ዛሬ ቀኙ በሬ አያትሽ ነው፤ እሱንም አመድ ቀቢልኝ እስቲ፣ ይፈጥን እንደሆነ» ይሉኛል። እኔ ጓሉን እከሰክሳለሁ፣ አልስቅም።

ግን ያን ከሰዓት ልጨርስ። ዘነቡ ድንጋዩን አውርዳልኝ ልሄድ ስል አባባ ጠሩኝ። ድንጋዩን አነሡና መልሰው ጫንቃዬ ላይ አደረጉት።

«አሁን ወደ ነጮ» አሉ።

«ለበሬ?» አለ በላይ፣ ሳቁ ገና አልወጣለትም። «አያ ደምሌ፣ ለበሬ ድንጋይ?»

«የተገፈፈው ማን ነው?» አሉ አባባ። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

ሄድኩ። ነጮ ዋርካው ጥላ ሥር ቆሟል፣ ቅቤው ቁስሉ ላይ እየቀለጠ። ስጠጋው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ስለዚህ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ድንጋዩ ያረፈው ልክ የእሱ ቀንበር በሚያርፍበት ቦታ ነው። «አፉ በለኝ» አልኩት። ጆሮውን አዟዟረ። እንደገና አልኩት። ዓይኑን አየሁት፤ የተኳለው ዓይኑ እኔን ያያል፣ ግን እጄን ነው የሚያየው፣ ምን ይዛ ይሆን ብሎ። ጠበቅኩ። ልጅ ነኝና አንድ ነገር ያደርጋል ብዬ ነበር፤ ወይ ጠጋ ይላል፣ ወይ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይሄ ነው አፉ ማለቱ እላለሁ ብዬ። ሰዉ አንድ አንድ እያለ ወደየቤቱ ገባ። ጉድጓዱን መልሰው ሲደፍኑ አፈሩ ሲወድቅ ይሰማኛል። አንገቴ ተቃጠለ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

አያ ሰይድ ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ሊታጠቡ ወደ ምንጩ ሲወርዱ አዩኝ።

«ገና ነሽ እንዴ፣ ጥሩዬ?»

«አፉ አላለኝም።»

ቆሙ። የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር፣ አልቀለዱም። «አፍ የሌለው እንዴት አፉ ይላል፣ ልጄ?» አሉኝ።

«እንግዲያው ማን ያወርድልኛል? እርስዎ ያውርዱልኝ።»

«እኔን አልበደልሽኝ» አሉና ወደ ምንጩ ወረዱ።

አባባን አየኋቸው። ግንዱን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ትኩሳቱ ፊታቸውን አገርጥቶታል። እሳቸውም አልተነሡም። ነጮ ቀስ ብሎ ዘወር አለና ጀርባውን ሰጥቶኝ ሣር ፍለጋ ሄደ። ጥቁሬ በግራው ተከተለው። እኔ ባዶው ጥላ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ድንጋዩን በሁለት እጄ ይዤ ራሴ አወረድኩት። አፉ ብሎኝ አይደለም። ደክሞኝ ነው።